ከአሥራ ሁለት ጨርቆች ላይ ስለጠፋው ጥላሸት

የምስክር ስም፦ አቶ ሀብተሥላሴ ወዳጆ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የማተሚያ ቤት አራሚ
አድራሻ፦ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 412
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 10 ቀን 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት

የግል ተበዳይ ወ/ሪት አርያም አስገዶም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን፣ ኅዳር 29 ቀን ወደ ሰፈራችን መጥታ ከቤተክርስቲያኑ እስከ ካዛንቺስ መዳረሻ ባለው መንገድ አሥራ ሁለት ነጫጭ የአቡጀዴ ጨርቆች በየአጥሩ ላይ ቁጥር ጽፋ ሰቀለች። ለአርባ ቀን የአየር ብክለት ናሙና እንደምትሰበስብና ከጥምቀት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ለነዋሪው እንደምታሳይ ነገረችኝ። ቃላቱን ሠላሳ ዓመት ሳርማቸው ስለኖርኩ የገባኝ መስሎኝ ነበር። «አባባ፣ አደራ፣ ማንም እንዳይወስድብኝ» አለችኝ። ማንም አልወሰደባትም።

ተጠርጣሪው አቶ መርጋ በተቃጠለ ዘይት አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስት የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። በእሱ በር ያለው 7ኛው ጨርቅ ከሁሉ ቀድሞ ጠቆረ። ጥር 6 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ስሜን የሚያጠፋ ጨርቅ ካላነሳሽ እኔው በኦሞ አጥቤ ነው የማስረክብሽ!» ብሎ ሲጮህባት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እሷም «ጋሽ መርጋ፣ ሳንባዎንም አብረው ይጠቡት!» ብላዋለች።

ጥር 9 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሰፈርተኛው ታቦት የሚያልፍበትን መንገድ ሲጠርግ፣ ባለቤቴ ወ/ሮ ለተሚካኤል ጨርቆቹን ተመልክታ «ሀብቴ፣ ታቦት በዚህ ሥር ይለፍ ትላለህ?» አለችኝ። እኔ ይለፍ አላልኩም። ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር አሥራ ሁለቱንም አውርደው ጓሯችን ውስጥ አጠቧቸው። ውሃው ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ ሦስቱም ጊዜ ከሰል የተዘፈዘፈበት መሰለ። ባለቤቴ እጇን ከሳፋው አውጥታ «በቃ ይሄን ነው የምንተነፍሰው?» አለች። እኔ ጨምቄ፣ ቁጥራቸውን ጠብቄ፣ ወደየአጥራቸው መለስኳቸው። 7ኛውን ስሰቅል አቶ መርጋ «ደግ አደረጋችሁ ጋሼ» አለኝ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወ/ሪት አርያም ልትሰበስብ መጥታ ጨርቆቹን ስታይ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ፖሊስ ተጠርቶ አቶ መርጋ ሲያዝ አይቻለሁ፤ ሆኖም ሌላ ጥፋት የፈጸመ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ምክንያቱን፣ ማለትም እንደዛተው ጨርቆቹን አጥቧል መባሉን፣ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው። «ሴቶቹ ናቸው ያጠቡት» ብሎ እንደነበርና ማንም እንዳላመነው መርማሪው ገለጹልኝ።

ምን እንደተሰረቀ ስጠየቅ፣ ጨርቆቹ አሥራ ሁለቱም መኖራቸውን፣ እንዲያውም ከመጡበት ቀን ይልቅ መንጣታቸውን አስረድቻለሁ። የጠፋው ቆሻሻው ነው። መርማሪው የንብረት ዓይነት በሚለው መስመር ላይ «ጥላሸት» ብለው ጽፈዋል፤ ይመለስ ቢባል ከየት እንደሚመለስ ሁለታችንም አላወቅንም።

አቶ መርጋ ጨርቆቹን አላጠበም፤ ታቦት ሳይወጣ ቢለቀቅ እወዳለሁ። ያቆሸሻቸው እሱ ነው ወይ ለተባልኩት ግን መመስከር አልችልም። ያንን የሚመሰክረውን ነገር ጨምቄ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

ቃሌን መርማሪው አንብበውልኛል፤ ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሆነውን አልሸሸግሁም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሀብተሥላሴ ወዳጆ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ኦልጅራ ለታ፣ ፊርማ