ሽፍታውን ሰርዢልኝ

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ በእታገኝ ጌም ቤት የተጫዋቾች ነጥብ በጠመኔ ከተጻፈበት ሰሌዳ ሥር፣ የቤቱ ባለቤት እታገኝና ሦስተኛ ላይ ያለው መክብብ ይሟገታሉ።

መክብብ፦ ሰርዢውና ገላግይኝ! አንድ ስም ለማጥፋት ይህን ያህል ልመና?

እታገኝ፦ ሁለተኛ የወጣን ሰው በምን ኃጢአቱ ነው የምሰርዘው?

መክብብ፦ ሰው ነው እንዴ? «ሽፍታው» ብሎ ለተመዘገበ ሰው የትኛው ቀበሌ ነው መታወቂያ የሚሰጠው?

እታገኝ፦ እኔ ቀበሌ አይደለሁም፣ ኳስ ጌም ነው የማጫውተው። ማንም በፈለገው ስም ይመዘገባል፣ አንድ ሺህ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚያወራለት ጣቱ ነው።

መክብብ፦ እታገኝዬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ትልኪያለሽ። አዳማ ለውድድር የሚሄዱት ሁለት ብቻ ናቸው። ዳግማዊ አንደኛ ነው፣ ይሂድ፣ ይቅናው። እኔ ግን በሰባት ነጥብ፣ በሰባት! ፊቱን እንኳ ከማያሳይ ሰው በታች ሆኜ ልቅር?

እታገኝ፦ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ለምን አልተጫወትክም? እሁድ ዕለት ሲሳይ ፀጉር አስተካካዩ «ና እንጋጠም» ሲልህ ሆዴን ቆረጠኝ ብለህ ወጣህ።

መክብብ፦ ቆርጦኝ ነበር።

እታገኝ፦ አራተኛውን ሲያይ የሚቆርጥ ሆድ ሰምቼ አላውቅም።

መክብብ፦ አንቺው ባመጣሽው ሕግ እኮ ነው! ከበታቼ ያለውን ሳሸንፍ የምትሰጪኝ ነጥብ እፍኝ አትሞላም፤ የተሸነፍኩ ዕለት ግን ትገፍፊኛለሽ።

እታገኝ፦ ሕጉ ምን አደረገህ? ደካማን ማሸነፍ የሚጠበቅብህ ነው፤ ለሚጠበቅ ነገር ማን እልል ይልልሃል? አንድ ነጥብ፣ በቃ። ደካማው አንተን ከጣለ ግን ወይ እሱን ንቄዋለሁ፣ ወይ አንተን አግንኜሃለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሠላሳ ካንተ ነቅዬ ለእሱ፤ ነጥባችሁ ከተቀራረበ ያንሳል። ነጥብ ከሰማይ አይወርድም፣ አንዱ የሚያነሳው ሌላው የጣለውን ነው።

መክብብ፦ ለዚህ ነዋ የምጠነቀቀው!

እታገኝ፦ ጥንቃቄ አልከው? ፈሪ ለእናቱ አሉ። መዝገቡ ይኸውልህ። ይህ ዙር ከተጀመረ ሁለት ወሩ፤ የተጋጠምከው ከነማን ጋር ነው? ከጀማሪ፣ ከጀማሪ፣ ጆይስቲኩን ገልብጦ ከሚይዝ፣ እንደገና ከጀማሪ። አንድ አንድ ነጥብ እንደ ሽምብራ ስትለቅም ከረምክ።

መክብብ፦ ሕግ ጥሻለሁ? አልጣስኩም።

እታገኝ፦ ሽፍታውም አልጣሰም። እንዲያውም የእሱን ገጽ አንብቤ አልጠግብም። ከበላዩ ያለን እንጂ ደካማ አይነካም። ዳግማዊን አንዴ ጥሎታል፣ ሲሳይን ሁለት ጊዜ። ሲሸነፍም ባላጋራውን አቅፎ ነው የሚነሳው ይላል ወንድሜ።

መክብብ፦ እንዲህ አለ? ዳግማዊ ላይ ያገባትን ሦስተኛዋን ጎል አልነገረሽም? ከመሃል ሜዳ እኮ ነው ያሻገራት... ማለቴ፣ እንደዚያ ሲሉ ሰምቻለሁ።

እታገኝ፦ ከማን?

መክብብ፦ ሰው ያወራል።

እታገኝ፦ ይህን የመሰለ ልጅ ታዲያ ለምን ይሰረዝ?

መክብብ፦ አዳማ አይሄድማ። እሱ ራሱ ነግሮኛል።

እታገኝ፦ ትተዋወቃላችሁ?

መክብብ፦ በሩቁ።

እታገኝ፦ በሩቁ! እንግዲህ ስማኝ። ሽፍታው የሚመጣው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው፤ እኔ ቅዳሴ ሄጄ ወንድሜ ቤቱን ሲጠብቅ። ኮፍያ፣ ማስክ፣ ንግግር የለም።

መክብብ፦ ጉንፋን ይዞት ይሆናላ።

እታገኝ፦ ሁለት ወር ሙሉ? ይሁን። ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩን ላዘጋጅ ብዬ መዝገቡን ገለጥኩ። ይህ ሽፍታ አናት ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ሲያሳድድ አንድ ሰው ብቻ ዘለለ። አንተን። አንተም በሰባት ነጥብ የሚበልጥህን ሰው አንዴ ብትጥለው ታልፈው ነበር፤ «ጥሪልኝና ልግጠመው» ግን አላልከኝም። «ሰርዢው» ነው ያልከኝ። ለምን?

መክብብ፦ አይመቸኝም።

እታገኝ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለማደሪያ ግን ጊዜ የለህም።

መክብብ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ! እኔው ነኝ ሽፍታው! ደስ አለሽ?

እታገኝ፦ በጣም እንጂ! ቀጥል።

መክብብ፦ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ካለፍኩ ወዲህ በስሜ መጫወት ፈራሁ። ጆይስቲኩን ስይዝ ሜዳው ሳይሆን ይኼ ሰሌዳሽ ነው ፊቴ የሚደቀነው። ሰፈሩ ሁሉ «ስንት ደረስክ» ይለኛል፤ እናቴ እንኳ መጠየቅ ጀምራለች። እጄ እንዳይደርቅ ብዬ በሌላ ስም ገባሁ። የማይታወቅ ሰው ቢሸነፍ ማን ይስቅበታል? እና ደስ አለኝ፣ እታገኝ። እንደ ልጅነቴ ደስ አለኝ። ሳላስበው ራሴን በለጥኩት።

እታገኝ፦ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። አንተ አንዱን ባላ በሌላው ልትሰብር መጣህ።

መክብብ፦ ሳቅሽን ከጨረስሽ ሰርዢልኝ።

እታገኝ፦ እሰርዛለሁ፣ ምን ገዶኝ። ግን የተሰረዘ ሰው በዚህ ዙር የወሰደው ነጥብ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ሽፍታው ከሲሳይ ሠላሳ ስምንት ወስዷል። ሲሳይ አሁን ስንት አለው?

መክብብ፦ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ ሁለት።

እታገኝ፦ ደምር።

መክብብ፦ አንድ ሺህ አራት... ውይ!

እታገኝ፦ አንተ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ላይ ቁጭ ብለህ ሲሳይ አዳማ ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

መክብብ፦ እንግዲያው እንዳትነኪው! ሽፍታው ይቆይ!

እታገኝ፦ ከአሁን በኋላ ሁለቱም አይቆዩም። ለአንድ ሰው አንድ ስም። ምረጥ።

መክብብ፦ መክብብ ቢሰረዝስ? ነጥቡ ለማን ይመለሳል?

እታገኝ፦ ለአሥራ አራት ጀማሪዎች፣ አንድ አንድ። ሌላው ሰው መሄድህን እንኳ አያውቅም።

መክብብ፦ ክፉ ነሽ።

እታገኝ፦ መዝገብ ነው ያነበብኩልህ።

መክብብ፦ ሰፈሩ ይስቅብኛል። «ራሱ ራሱን አሸነፈው» እያለ።

እታገኝ፦ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ አንድ ወር ገደማ።

መክብብ፦ አምጪ ዳስተሩን። ስሜን ራሴ ላጥፋው... ይኸው፣ መክብብ የሚባል የለም።

እታገኝ፦ ነፍስ ይማር! እንግዲህ አቶ ሽፍታው፣ ሲሳይ በር ላይ ቆሟል። ሽፍታው ሲመጣ ጥሪኝ ብሎኝ ነበርና ቅድም አንተ ስትገባ ደወልኩለት። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ነው የመጣው።

መክብብ፦ አውቀሽ ነበር የምታስለፈልፊኝ?

እታገኝ፦ ነገሩን ስማ። አንድ ጨዋታ ይፈልጋል። ከጣለህ አሥራ ሰባት ነጥብ ይወስድና በአምስት ይበልጥሃል፤ አዳማ የሚሄደው እሱ ይሆናል። እምቢ ካልክ የሚያስገድድህ የለም። ዝም ብለህ ስድስት ሰዓትን ብትጠብቅ አልፈሃል።

መክብብ፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

እታገኝ፦ አምስት ተኩል።

መክብብ፦ አንድ ጨዋታ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ይግባ፣ ሁለት እንጫወታለን።