የእሜቴ እንባ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሽማግሌው አናጢ ጆንያ ሙሉ ሰጋቱራ ተሸክመው ከሥራ ቤታቸው ወደ መኖሪያቸው ያዘግሙ ነበር። ጆንያው ከሥሩ መቀደዱን አላወቁም። በሄዱበት ሁሉ ቀጭን ነጭ መስመር ይከተላቸው ነበር። ያንን መስመር እያየች ከኋላቸው የደረሰችው የሟች ባለቤታቸው የእኅት ልጅ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት።

«ጋሼ፣ መንገዱን ሊያነጥፉልን ነው እንዴ?»

አናጢው ዞር ብለው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ መስመሩን አዩ። «ዶክተሯ፣ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ ሸክሙ እየቀለለኝ ሲሄድ ጉልበቴ የተመለሰ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ልጅቷ ቀዳዳውን በሻርፗ ጫፍ አስራ ጆንያውን ተቀበለቻቸው። «ለማን ነው?»

«ለእሜቴ ነዋ።»

እሜቴ ሟች ባለቤታቸው ያሳደጓት ግራጫ ጥንቸል ናት። ማንንም ሳታስፈቅድ ወንበር ላይ እየወጣች ስለምትኮፈስ ስሙን ያወጡላት አናጢው ራሳቸው ናቸው። እቤት ሲደርሱ ግን ወንበር ላይ አልነበረችም፤ ሰጋቱራ በተሞላው የመጸዳጃ ሳጥኗ ውስጥ ኩርምት ብላለች። ከዓይኖቿ ሥር ያለው ፀጉር ረጥቦ ተጣብቋል።

«አየሻት?» አሉ አናጢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አክስትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ናት። እኔ የሚብስብኝ ሲመሽ ነው፤ እሷ ግን ቀኑንም ታለቅሳለች። የሐዘን ጓደኛ አላጣሁም።»

ልጅቷ ተንበርክካ የጥንቸሏን የፊት እግር ቀስ ብላ ገለበጠችው። «ይሄን ይንኩት፣ ጋሼ። ፀጉሩ የተቋጠረው አፍንጫዋን ስለምትጠርግበት ነው። ሲያስነጥሳት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ሲቃ ነው ብዬ።»

«ሰጋቱራው ከምን እንጨት ነው?»

«ከጥድ ነዋ። ከመላጊያዬ ሥር የወጣ፣ ንጹሕ። ሽታው ብቻውን ቤት ያድሳል።»

«እኛን ደስ የሚለን ሽታ እሷን ያቃጥላታል። አቧራው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለመሆኑ እርስዎ ጥድ ሲልጉ ውለው ለምንድን ነው የሚያስልዎ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስስል ኖሬያለሁ፤ ይኸው አልሞትኩም።»

«እርስዎ ሲመሽ ከአቧራው ወጥተው እቤትዎ ይገባሉ። የእሜቴ ቤት ግን አቧራው ራሱ ነው። አፍንጫዋን ቀብራበት ነው የምትውለው።»

ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። አንደኛ የሚወጣ ሰው ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ከሰጠ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አናጢው ወንበራቸውን ፈልገው ሲቀመጡ፣ ከአንድ ሽማግሌ እጅ ምን እንደነጠቀች ያን ጊዜ ገባት።

«እንግዲህ አታለቅስም ነው የምትይኝ» አሉ።

ልጅቷ ጥንቸሏን እየዳበሰች፣ «አክስቴ ምን ነበር የምታነጥፍላት?» ብላ ጠየቀች።

«ጋዜጣ። ከሰዓት በኋላ እዚህ ቁጭ ብላ ትቀድድላታለች፤ እየቀደደችም ታወራታለች። እኔ ጓዳ ሆኜ የምሰማው የወረቀቱን ድምፅ ብቻ ነው። ካረፈች በኋላ ልቀድድ ሞክሬ ነበር። ድምፁን ስሰማ እጄ አልታዘዘኝም። ሰጋቱራ ድምፅ የለውም፣ ልጄ።» ቀጥለውም፣ «አሁን ሐዘኑን ብቻዬን ልሸከመው ነው?» አሉ።

«እኔ አለሁ እኮ፣ ጋሼ። ለእኔም አክስቴ ናት። ፈተና እያልኩ ከዚህ ቤት የጠፋሁት እኔ ነኝ። እሜቴ ታማ በእኔ ቦታ ልታለቅስ አይገባም።»

አናጢው ጥንቸሏን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በመጨረሻም፣ «ለድመት የሚሸጠው አሸዋስ አይሆንም?» አሉ። መሸነፋቸው ነበር።

«አንዳንዱ ሲረጥብ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ጥንቸል ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ትቀምሳለች፤ ሆዷ ውስጥ ቢጠነክርስ?»

«ሲሚንቶማ የግንበኛ ነው፤ እኔ ቤት አይገባም።»

የእንጨት ሳጥን ሽንት ስለሚመጥ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ተመረጠ። አናጢው እሜቴ ሳትዘል እንድትገባ አንዱን ጎኑን በመጋዝ ዝቅ አደረጉት፤ እንዳይቧጭራትም ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ልጅቷ ሽንት የማይጠጡትን የሚያብረቀርቁ ገጾች ለይታ ጣለችና የመጀመሪያውን ጋዜጣ ቀደደች። ሁለተኛውን እሳቸው ወሰዱ። ግማሽ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ጨረሱት።

«ከታች ወረቀቱን ወፈር አድርገን» አለች ልጅቷ፣ «በአንዱ ጫፍ ድርቆሽ እንከምርላታለን። እየበላች ስለምትጸዳዳ ምግቧ ወዳለበት ራሷ ትመጣለች። የረጠበውን በየቀኑ ያነሱላታል። ሳፋው በአቼቶ ሲታጠብ ከአሮጌው ወረቀት ጥቂት ይመልሱላት፤ ሽታውን ካጣች ቦታዋን ትስታለች። ሳምንት ቆይቶ ካልተሻላት ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ክሊኒክ እንወስዳታለን።»

ክሊኒክ መሄድ አላስፈለገም። ማስነጠሱ ቀነሰ፣ ቀጥሎም ጠፋ። የእሜቴ እግር ፀጉር ተፈታ፤ አንዳንዴ ከሳጥኑ ወጥታ ትሸናበት የነበረው ምንጣፍ ከሽንት፣ ቤቱም ከሽታ ዳነ። አናጢው ለጥንቸል የሚጎዳ አቧራ ለሰው አይበጅም ብለው ሲልጉ አፋቸውን በጨርቅ መሸፈን ጀመሩ፤ ሳሉም ረገብ አለላቸው። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፏን ይዛ ትመጣለች፤ ስለ አክስቷም ሳይፈሩ ይነጋገራሉ። ከአንድ ልማድ መላቀቅ ይህን ሁሉ ያመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አናጢው ብቻቸውን ቁጭ ብለው ጋዜጣ ይቀድዱ ነበር። እጃቸው ለምዶታል። ድንገት መቅደዱን አቆሙና ወደ ሳፋው ጎንበስ አሉ።

«እሜቴ፣ ስትቀድድልሽ ምን ነበር የምታወራሽ? አንዱን ብቻ ንገሪኝ።»

እሜቴ በደረቁ ዓይኖቿ እያየቻቸው ድርቆሿን ማኘኳን ቀጠለች።