ያለ ወሩ የመጣው ልጅና የአያቱ ፍርሃት

ከእማማ ናባንዳ ጋር የተዋወቅነው በማላዊዋ ዞምባ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እኔ ያለ ወሩ የተወለደውን የእህቴን ልጅ ተራዬ ደርሶ ደረቴ ላይ አስሬዋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ያለው አልጋ ጫፍ ላይ መጥተው ተቀመጡ። ልጃቸው ማሊታ በሰባት ወሯ ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተወስዳለች። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ቀርቷል።

አባትየው ለሥራ ጆሃንስበርግ ነው። የማሊታ ታናሽ ፋይኔሲ የነርስነት ተማሪ ብትሆንም ጉንፋን ስለያዛት አፏን ሸፍና ራቅ ብላ ቆማለች። እናቷን፣ ልብስሽን ከፍተሽ ገላሽ ላይ አድርጊው እያለች ትለምናለች። እማማ ናባንዳ ግን ልጅ የሚታዘለው በጀርባ ነው፣ ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ የሚሄድ ሌባ ብቻ ነው አሉ። ቀጥለውም ብርድ ልብስ ደርቡለት አሉ።

«ብርድ ልብስ የራሱ ሙቀት የለውም፣ እማዬ» አለች ፋይኔሲ። «ይህ ልጅ ገና ማህፀን ውስጥ መሆን ነበረበት። አእምሮው አላለቀም። ብቻውን ሲሆን ይበርደዋል፣ ይደነግጣል፣ ያለችው ጉልበት በዚያ ታልቃለች። ገላሽ ላይ ሲሆን ልቡ ይረጋጋል፣ ደህና እንቅልፍ ይወስደዋል። አእምሮው በደንብ የሚያድገው እንደዚያ ሲተኛ ነው።»

«የተማርሽውን ለፈተናሽ አቆዪው።»

እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የእህቴን ልጅ እያሳየሁ እሱም እንዲህ ሆኖ እንደዳነ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።

«ከንፈሩን እዪው፣ እማዬ» አለች ፋይኔሲ።

ከንፈሩ ጠቁሯል። አሮጊቷ አዩት፤ ድምፃቸውም ወረደ።

«ደረቴ ላይ ቢሞትስ? ባሏ የሞተባት አሮጊት የልጅ ልጇን በላች ይሉኛል። የጎረቤቴን የናሊካን ቤት ያቃጠሉት ጠንቋይ ናት ብለው አይደል?»

ለካስ ልጅ የሚታዘለው በጀርባ ነው ሲሉ የቆዩት ከፍርሃት ኖሯል። እኛ ተማርን ባዮች ሰው እምቢ ሲል አላዋቂ ነው ብለን እንፈርዳለን እንጂ ምን ፈራህ ብለን አንጠይቅም።

ፋይኔሲ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «ቢሞት እኔ ነኝ ያስያዝኳት ብዬ እናገራለሁ። ቤቱን ሊያቃጥሉ ቢመጡም ውስጡ ነኝ። ካልያዝሽው ግን ይሞታል።»

እማማ ናባንዳ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ። የክፍሉ ነርስ መጥታ ሕፃኑን ከሽንት ጨርቅና ከቆብ በቀር እርቃኑን አድርጋ ደረታቸው ላይ አቆመችው፤ ራሱን ወደ ጎን አዙራ ቺቴንጄ በሚሉት ሰፊ ሽርጥ አሰረችላቸው፤ ትንፋሹ ከቆመ ጀርባውን እንዲያሹትም አሳየቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ቀጥ አለ። እሳቸው ነርሷ እንዳሳየቻቸው ጀርባውን አሹት፤ ተነፈሰ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉለት አደሩ።

ወገኖቼ፣ ያለ ወሩ የመጣ ልጅ ከሰው ገላ ሲያርፍ ይሞቃል፣ ጡት መጥባት ይቀለዋል፣ አእምሮውም ሳይረበሽ ያድጋል። እናት ካልቻለች አባት፣ አያት፣ ጤነኛ የሆነ ዘመድ ሁሉ ሊይዘው ይችላል።

በማግስቱ ማሊታን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት። ገና ከበር ልጄን ስጡኝ ብላ እጇን ዘረጋች። እማማ ናባንዳ ጨርቁን ጠበቅ አደረጉ።

«ቆዪ» አሏት፤ «ተኝቷል። አእምሮው እያደገ ነው።»