ልጅቱን ማን ይይዛታል?

መነጽር ለማስለካት ወደ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ማለዳ፣ በሕፃናት ክትባት ክፍል ደጃፍ ከተቀመጡት እናቶች መካከል አንድ ሽበታም ሰው አየሁ። ሕፃን ታቅፈዋል። ታቅፈዋል ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ክንዳቸውን ገትረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ኃይል ያለበት ሽቦ እንደ ጨበጠ ሰው ነበር የያዟት። ጠጋ ብዬ ባይ ጎረቤቴ ጋሽ ቮልት ናቸው።

ይህን ቅጽል ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጉልምስናቸውን በሙሉ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ አሳልፈው፣ የመስመር ሠራተኞች አለቃ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። ሲቆጡ የሚያስደነግጡ፣ ሲስቁ ደግሞ ሰፈሩን የሚያስቁ ሰው ናቸው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ሞግዚትነት ተቀጠሩ እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ቀስ ይበሉ መምህር፣ ሰው ይሰማል!» አሉ ግራ ቀኝ እየተገላመጡ። «ለዛሬ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ጥላን ሄደች፤ እናቲቱ ደግሞ መድኃኒት ልትቀበል ገባ ብላለች። እስክትመለስ ነው።»

እናቲቱ ልጃቸው ናት። ሒሳብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ አባቷ በሠሩበት ጣቢያ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆና ትሠራለች። ጥቂት ቆይታ የሥራ ጫማዋን እንዳጠለቀች ብቅ አለችና ሕፃኗን ተቀበለቻቸው፤ ጋሽ ቮልትም እፎይ ብለው ትከሻቸውን አሹ።

«መምህር፣ ጥሩ ጊዜ ደረሱልን» አለችኝ። «ከአባባ ጋር አልተስማማንምና ይዳኙን። የጣቢያችን ኃላፊ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ሥራ አስኪያጁ ቦታውን ለእኔ ሊሰጡኝ ነው። እሺ ወይም እምቢ የምለው ዛሬ ነው። አባባ ግን እምቢ በይ ይሉኛል።»

ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ እኔ ሴት ልጅ አትማር የምል ሰው አይደለሁም። ራሴ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኳት? በምረቃዋ ቀን ከእኔ በላይ የጨፈረ አልነበረም። ግን መማር ሌላ፣ አለቃ መሆን ሌላ። አለቃ የሆነ ሰው ስልኩ አይዘጋም። ማዕበል ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሱ ግን ከቤቱ ይወጣል። ይቺ ልጅ ጡት ታጠባለች! ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ የሚመጣው በወር አንድ ጊዜ ነው። እናቷ በሕይወት የለችም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ልጅቱን ማን ይይዛታል?»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች በእርጋታ። «እርስዎ አለቃ ሲሆኑ እኔ ስንት ዓመቴ ነበር?»

«እ… ገና መዳህሽ ነበር።»

«ታዲያ ያኔ ‹ልጅቱን ማን ይይዛታል?› ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነበር?»

«እናትሽ ነበረቻ!» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ፣ እማዬ ነበረች። እርስዎ ሹመቱን የተቀበሉት ከኋላዎ ሰው ስለነበረዎት ነው። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ወደዚህ ለመዛወር አመልክቷል፤ እስኪሳካለት ግን የሚደግፈኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችን ሴት ልጃችንን እስከ ምረቃው አዳራሽ በእልልታ እንሸኛትና ከዚያ በኋላ እንተዋታለን። ሥራ ስትይዝ እንደሰታለን፤ በሥራዋ ከፍ ልትል ስትል ግን ኮቷን ይዘን እንጎትታለን። ዲግሪ አስይዞ መንገዱን መዝጋት ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ጋሽ ቮልት ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም።

«እሺ፣ ይህ ይቅር። የሥራውን አደጋስ? በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ጓደኛዬ ምሰሶ ላይ እንዳለ ነው የቀረው። ኤሌክትሪክ እኮ አይምርም! ወንድ ነው፣ ሴት ናት ብሎ አይለይም!»

«እሱ ካልለየ እናንተ ለምን ትለያላችሁ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሽማግሌው በዓይናቸው ገሠጹኝና ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«ወንዶቹስ ይታዘዙሻል? እኔ እነዚያን ጉዶች አውቃቸዋለሁ። ስጮህባቸው እንኳ በግድ ነበር የሚሰሙኝ።»

«ይምጡና ይጠይቋቸው። ጣቢያው ቅርብ ነው። መምህርም ይምጡ።»

ተያይዘን ሄድን። ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ጋሽ ቮልት ኮታቸውን አስተካክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ገቡ፤ የድሮው አለቃነታቸው ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ። ሠራተኞቹም ከያሉበት እየመጡ በአክብሮት ሰላም አሏቸው።

አንዲት ወጣት ተለማማጅ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከዕቃ ማከማቻው ስትወጣ አዩና «እዚያ ምን ታደርጊያለሽ ልጄ?» አሏት።

«ልብስ ስቀይር ነው ጋሼ። የሴቶች መቀየሪያ ክፍል የለንም። በዘይት በርሜሎቹ መሃል ነው የምንቀይረው።» ወደ መሐንዲሷ ዞር አለች። «እህት ዓለም፣ እሺ አልሽ? አብረውኝ የገቡት ልጆች ጥለው ሄደዋል። አንቺም ከቀረሽ እኔ እዚህ ምን አለኝ?»

መሐንዲሷ ወደ አባቷ አየች። አባቷ ጫማቸውን አዩ።

በዚህ መካከል በጋሽ ቮልት እጅ ሥራ የለመደው ነባሩ የመስመር ሠራተኛ ደረሰ። ሽማግሌው ወደ ጥግ ወሰዱት፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄ አለቃ ብትሆን ትታዘዛታለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ከታዘዝኳት ቆይቻለሁ» አለ ሰውየው። «ባይሆን ኖሮ ዛሬ አያገኙኝም ነበር። በቀደም ነፋሱ መስመር ጣለ። ኃይሉን ዘጋነው። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ኃላፊው በስልክ ቶሎ በሉ ይላል። ጓንቴን አጥልቄ ልወጣ ስል ልጅዎ ‹መስመሩ ኃይል እንደሌለው ሳይሞከር ማንም አይወጣም› አለች። ተቆጣኋት። እንዲያውም ክፉ ቃል ተናገርኳት። ከመሰላሉ ፊት ቆማ አልነቃነቅም አለች። ቢሞከር መስመሩ ኃይል አለው! አንድ ነጋዴ ጀኔሬተሩን ከመስመሩ ሳይነጥል አስነስቶ ኖሯል፤ ኃይሉ ከእሱ ቤት ወደ መስመሩ ይመለስ ነበር። ጋሼ፣ እሷ ባትኖር ልጆቼ አባት አልነበራቸውም።»

የጋሽ ቮልት ፊት ተለዋወጠ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«መምህር፣ ጓደኛዬም የሞተው እንዲሁ ነው። ኃይል የለውም፣ ውጣ ተባለ፤ ወጣ። ከመሰላሉ ፊት የቆመለት ሰው አልነበረም። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ግን ለመናገር የደፈረ ማንም የለም። ለካ ጎበዝ አለቃ ማለት የሚጮኸው ሳይሆን እንዲህ የሚቆመው ኖሯል!»

«ታዲያ ምን ቀረዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«የቀረኝማ…» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርዎት? ጡጦ ይዤ በሰፈር ስሄድ ሰው ምን ይለኛል? ጋሽ ቮልት ሞግዚት ሆነ ብለው ይሳለቁብኛል።»

«ይሳለቁ። ሰልችቷቸው ይተዉታል። ልጅዎ የምታጣው ዕድል ግን ተመልሶ አይመጣም። ጧት ክትባት ክፍሉ ደጃፍ የነበሩት እናቶች እንደሆኑ አልሳቁብዎትም፤ የቀለድኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ደስ ብሎኝ ነው።»

ሽማግሌው ኮታቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ ልጃቸው ሄደውም ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጫት። አንገቷን እንዴት እንደምይዝ ግን በደንብ አሳዪኝ፤ ጧት ጉድ ሆኜ ነበር። ከዚያ ግቢና እሺ በያቸው። ልብስ መቀየሪያው ነገር ደግሞ የመጀመሪያ ሥራሽ ይሁን! የሰው ልጅ በበርሜል መሃል ልብስ ይቀይራል እንዴ?»

መሐንዲሷ ሕፃኗን አስይዛ አባቷን አቀፈቻቸው፤ ዕንባዋንም ጠርጋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። መቀየሪያ ክፍሉ ተሠራ። የተረኝነት መርሐ ግብር አስቀድሞ መለጠፍ ስለጀመረ፣ እናቶቹ ብቻ ሳይሆኑ አባቶቹም ቤታቸውን አስበው መሥራት ቻሉ። ድሮ ሥልጠና የሚደርሰው ከአለቃው ጋር ለሚያመሸው ነበር፤ አሁን በግልጽ ውድድር ሆነ። ተለማማጇ ሳትሄድ ቀረች፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ሳይሞከር መውጣት ተከለከለ። ባልየውም ዝውውሩ ተሳክቶለት መጣ፤ ዛሬ ከአማቱ ጋር ተራ ገብተው ሕፃኗን ይጠብቃሉ። እንግዲህ አንዲት ሴት ከፍ ስትል የተጠቀመው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ግማሹን የአገር አእምሮ ጓዳ ቆልፎ፣ ሥራው ለምን አልተቃናም ብሎ ማማረር ከእንግዲህ ይብቃን። «በርቺ» የሚለው ቃልም መልካም ነው፤ ግን ልጇን ይዞ «ሂጂ፣ እኔ አለሁ» የሚላት ሰው ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቮልት ቤት ቁጭ ብለን ሳለን ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋሱ ቆርቆሮውን አንቀጫቀጨው፤ መብራቱም ድርግም አለ። ኃላፊዋ ልጃቸው ኮፍያዋን አጥልቃ፣ ሕፃኗን ስማ ወጣች። ሽማግሌው «ሞክሪ!» ብለው ከኋላዋ ጮኹ፤ «ሳልሞክርማ!» ስትል ሰማናት። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው አላረፉም፤ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሱ ጀመር።

ዝናቡ ካባራ በኋላ አምፖሉ ቦግ አለ። የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው «መብራት መጣ! መብራት መጣ!» እያሉ ጮኹ።

ጋሽ ቮልት ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አጥብቀው፣ ጡጦውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ደጅ ወጡና በዚያ ነጎድጓድ በሚመስል ድምፃቸው ተቆጡ።

«ማነህ አንተ? ራሱ መጣ ያለህ ማነው? ልጄ ናት ያመጣችው! ‹አመጣችው› በሉ!»