ሳይተረጎም የቀረ ቃል

ሰው ትዕግሥቱን የሚጨርሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ነው ይባላል፤ የአስተርጓሚዋ ትዕግሥት ግን ከቤት ሳይወጡ ነበር የሚያልቀው። ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ፊደል የቆጠሩና አንደበታቸው የሰላ ሴት ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የሴቶች ክሊኒክ፣ ለሥራ ከአገራቸው ወጥተው ቋንቋው ላልገባቸው ሴቶች አስተርጉመዋል። ነርሷ ሩብ ሰዓት የተናገረችውን እሳቸው “ባጭሩ…” ብለው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ሴቶቹም “እትዬ ባጭሩ” አሏቸው። ስሙን ሰምተውታል፤ አልከፋቸውም። ኮሪደሩ ላይ አሥራ ምናምን ሴት ወረፋ ይዛ እያለ ቃል በቃል ካልተረጎምኩ የሚል ሰው፣ በሳቸው ዘንድ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ወንበር አግኝተው ገና ሳይደላደሉ፣ አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት አጠገባቸው ተቀመጠች። እጇ አንጓ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ።

“እንደምን አደሩ እትዬ?” አለች በገዛ ቋንቋቸው።

“ደህና ይመስገን። የት ነው የማውቅሽ?”

“የዛሬ አምስት ወር አስተርጉመውልኛል። የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ።”

“እህ። ታዲያ ዛሬ ወዴት ነው?”

ልጅቱ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ጣለች። “ወደዚያው ነው።”

እትዬ ባጭሩ ልጅቱ ዳግም ፅንስ ልታቋርጥ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ ደማቸውም ወዲያው ፈላ። የሚሰማ የአገር ልጅ እንደሌለ ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ቁጣቸውን ግን ዝቅ አላደረጉትም።

“ደግሞ? ገና በአምስት ወርሽ? እናንተን ልጆች ምን ነካችሁ? እንክብል ተሰጥቶሽ አልነበር? በቀን አንዲት ፍሬ መዋጥ እንዲህ ዳገት ይሆናል? ነርሷ ‘እነዚህ ሴቶች ምክር አይሰሙም ወይ?’ ስትለኝ መግቢያ የማጣው እኔ ነኝ እኮ!”

“ይቆጡኝ እትዬ፣ እሰማለሁ” አለች ተኳሿ። “ግን እኔም የምቆጣው ነገር አለኝ። ያኔ ቋንቋው አይገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮርስ ገብቼ ለቃቅሜአለሁ። መለስ ብዬ ሳስበው፣ ነርሷ የእጇን ጣቶች እየያዘች አምስት ዓይነት መከላከያ ነው የቆጠረችው። እርስዎ የነገሩኝ ሁለት ነው፤ እንክብልና መርፌ።”

“አምስቱን ብነግርሽ አምስቱንም ልትወስጂ ነው? ምርጫ ሲበዛ ያደናግራል።”

“እኛ ቤት ሐር አለ፣ ጥጥ አለ፣ ሱፍ አለ። ሁሉን በአንድ ሙቀት ልተኩስ ብል አለቃዬ በማግስቱ ታባርረኛለች። እትዬ፣ የሴት ገላ ከሆቴል አንሶላ ያንሳል?”

እትዬ ባጭሩ ሰዓታቸውን አዩ።

“እኔም ጠይቄ ነበር” ብላ ቀጠለች። “‘አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት ነው የምሠራው፤ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን እንኖራለን፣ መደርደሪያችንም አንድ ነው፤ ሰው የማያየው፣ በየቀኑ አስታውሺ የማይለኝ ነገር የለም ወይ?’ ብዬ። ለነርሷ ምን አሏት?”

አሮጊቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ቀኑ ትዝ አላቸው፤ የወረፋው ብዛት፣ የነርሷ ብዕር ወረቀቱ ላይ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ።

“‘እንክብሉን እወስዳለሁ ትላለች’ ሳልላት አልቀርም” አሉ።

“ብለዋታል። ትራሴ ውስጥ ደበቅሁት፤ የክፍል ጓደኛዬ አገኘችውና መሳቂያ ሆንኩ። ሥራ ቦታ ቁም ሳጥን ውስጥ ባስቀምጠው፣ እረፍት በወጣሁ ቁጥር ሳልውጠው እቀራለሁ። ሌሊት ስሠራ ደግሞ የትናንቱና የዛሬው ይምታታብኛል። ይኸው።”

“ካልፈለግሽው ታዲያ ለምን እሺ አልሽ? አፍሽን ማን ያዘሽ?”

“እንቢ ካልኩ የመጣሁበትን ይከለክሉኛል ብዬ ነዋ! ሁላችንም የምናምነው እንደዚያ ነው። መከላከያውን ያልወሰደች ፅንሱን አያቋርጡላትም ይባላል።”

ይህ ነገር እትዬ ባጭሩን እንደ እሾህ ወጋቸው። ነርሷ ንግግሯን ሁልጊዜ የምትጀምርበት አንድ አረፍተ ነገር አለ፤ “ዛሬ ምንም አልፈልግም ማለት ትችያለሽ፤ ሕክምናሽን አትከለከዪም” የምትለው። እሳቸው ግን እንደ ደህና አደራችሁ ዓይነት ወግ ቆጥረው ሁልጊዜ ይዘሉት ነበር። ነገር ግን ሽንፈት በቀላሉ የሚዋጥ እንክብል አይደለምና፣ ወደ ሌላ በኩል ዞሩ።

“ስሚ ልጄ፤ ለክፋት መሰለሽ? ገና አልወለድሽም። ነገ አግብተሽ እቀፊ ስትባዪ ምን ልትሆኚ ነው? ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ማህፀን ያደርቃል። በኔ አፍ መካን ከምትሆኚ ብዬ ነው የተውኩት።”

“ያደርቃል ያለዎት ማን ነው?”

“ሰው ነዋ!”

“የቱ ሰው?”

“ሰው ነው ያልኩሽ! ሰው ሁሉ!”

“ነርሷስ? አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ሲቀመጡ አንድ ቀን ጠይቀዋት ያውቃሉ?”

አለማወቅ ማንንም አያሳፍርም። መልሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ክንድ ለክንድ ተቀምጦ፣ ሳይጠይቁ ሌላውን ማስተማር ግን ያሳፍራል። እትዬ ባጭሩም አፈሩ፤ እፍረታቸውንም እንደ ልማዳቸው በቁጣ ሸፈኑት። “ተነሺ፤ ፌርማታው አለፈን!” አሉ፤ አንድ ፌርማታ ይቀር ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ መዝገቡን ገልጣ ልጅቱን ስታውቃት ረጅም ትንፋሽ አወጣች። የፕላስቲክ ክንድ ሞዴሉን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

“እንክብል አልሠራላትም። ዛሬ ክንዷ ውስጥ የሚቀበረውን ትውሰድ፤ እንዳትረሳው። ንገሯት” አለች።

“ቆይ” አሉ አስተርጓሚዋ። “ከመጀመሪያው ጀምሪ። እንቢ ማለት ትችያለሽ ከምትይው።”

ነርሷ ግራ ገብቷት ጀመረች። እትዬ ባጭሩ በዚያን ቀን አንድም ቃል አልቆረጡም። እንቢ ማለት መብቷ መሆኑን፣ ሕክምናውን እንደማትከለከል፣ እርግዝናው ከተቋረጠ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ እንደምትችል፣ እንክብሉን፣ የሦስት ወሩን መርፌ፣ የክንዱን፣ ሉፑን፣ ኮንዶሙን፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጣጣ አንድ በአንድ ተረጎሙ። ላብ አላባቸው። ኮሪደሩ ላይ ማጉረምረም ተሰማ። ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

“አሁን የምጠይቅሽ ለራሴ ነው” አሏት ነርሷን። “ሉፕና የክንዱ መካን ያደርጋሉ?”

“አያደርጉም። ሲወጡ ማርገዝ ይቻላል፤ ያልወለደችም መጠቀም ትችላለች።” ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። “ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠው…? እና እስከ ዛሬ ለሴቶቹ ምን ነበር የሚነግሯቸው?”

“ባጭሩ… ሁሉንም አልነግራቸውም ነበር” አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ቀን ቀጥኖ አያውቅም።

ነርሷ ልትቆጣ ነበር፤ ተኳሿ ግን በተሰባበረው ቋንቋዋ ቀደመች። “እኔ ሉፕ” አለች። የቀረውን ለአስተርጓሚዋ ነገረች፤ የሥራ ቀሚሷ እጅጌ አጭር ነው፣ ክንዷን የክፍል ጓደኞቿ ያዩታል፣ ይዳስሱታል፤ ኮርሷን ስትጨርስ ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅምና፣ ብዙ ዓመት የሚቆይና ልውለድ ስትል የሚወጣላት ይሻላታል።

“ንገሯት፤ በሆርሞን የማይሠራው ሉፕ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ሊያበዛና ቁርጠት ሊኖረው ይችላል። ቆማ ነው የምትውለው። የክንዱ ይሻላታል” አለች ነርሷ።

እትዬ ባጭሩ ተረጎሙ። ልጅቱ አሰበችና “ሉፕ” ብላ ደገመች።

“ሰምታለች፤ ገብቷታል፤ ሉፕ ነው ያለችው” አሉ አሮጊቷ። “እንቢ ማለት ትችያለሽ ያልሻት አንቺ ነሽ። እኔ ስቆርጥ ኖሬ፣ አንቺ ደግሞ ስትገፊ ኖረሽ፣ በመሐል የተጎዳችው እሷ ናት።”

ነርሷ የፕላስቲክ ክንዱን ወደ መሳቢያው መለሰች። ተኳሿ ሕክምናዋን በዚያው ቀን ጨረሰች፤ ሉፑም እዚያው ገባላት። ስትወጣ አስተርጓሚዋ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

“ልጄ፣ በድዬሻለሁ” አሉ። ባጭሩም፣ በዝርዝርም ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ክሊኒክ ወረፋ ረዝሟል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አንዷ መርፌ ትመርጣለች፣ አንዷ የክንዱን፣ አንዷ ኮንዶም። አንዷ ደግሞ “ዛሬ ምንም አልፈልግም” ብላ ሄደች፤ በሳምንቷ ከባሏ ጋር ተመልሳ መጥታ ለሁለቱም እንዲነገራቸው ጠየቀች። ለክትትል የሚመለሱት በዙ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ፅንስ ለማቋረጥ የሚመለሱት ጥቂት ሆኑ። ሴቶቹ ቁርጠት ሲይዛቸው የሰፈር ሰው ሳይሆን ነርሷን መጠየቅ ጀመሩ፤ እንደሚያማቸው አስቀድሞ ተነግሯቸዋልና አልደነገጡም፣ አውጡልኝም አላሉም።

በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት አስተርጓሚ አንድ ቀን ተማረረች። “እትዬ፣ ይህን ሁሉ ማነብነብ ምን ይሠራል? ደክሞኛል እኮ! ጥሩውን መርጠን ብንነግራቸው አይበቃም?”

አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የድሮው ቁጣቸው ፊታቸው ላይ ተመለሰ።

“አንቺ ቢደክምሽም፣ የምትመርጪላት ነገር ያንቺ ገላ ውስጥ አይገባም። ሴት ሌላ ሰው የመረጠላትን ትደብቀዋለች፣ ትረሳዋለች፣ ትጥለዋለች፤ ራሷ የመረጠችውን ግን ትጠብቀዋለች። በይ፣ ተነሺ፤ ቀጣይዋን ጥሪያት፤ የምትጠይቀውንም እስከ መጨረሻው ስሚያት።”