በካፖርቱ ኮሌታ ውስጥ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ጠዋት አንድ የጃናሞራ ልጅ፣ ወታደር ነው፣ ካፖርቱን ይዞ መጣና ሰው አለመኖሩን አይቶ ማተቡን ከአንገቱ ፈታ። «ጋሼ፣ ይቺን ኮሌታው ውስጥ ደብቀው ይስፉልኝ። እናቴ ያሰረችልኝ ናት። የመቶ አለቃዬ ካየብኝ አለቀልኝ» አለኝ። ካድሬ ማተብ ሲያስበጥስ አይቻለሁና ፍርሃቱ ገባኝ። ኮሌታውን ገልብጬ ስፌቱን በምላጭ ስፈታ ከገበሩ ስር የስንዴ ፍሬ የምታህል መስቀል በቀይ ክር ተጠልፋ አገኘሁ። ጥልፏ ደቃቅ ነው፤ የሠራት ሰው አልቸኮለም።

«ይህን ካፖርት ካንተ በፊት ማን ለብሶታል?» አልኩት።

«ራሱ የመቶ አለቃው ነዋ! አዲስ ሲመጣለት፣ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ አይቶ ሰጠኝ።»

መስቀሏን አሳየሁት። በጣቱ ዳሰሳትና ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣ። እኔም ስንት ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ጥልፍ ግን ልቤን ያሳረፈው የለም። ማተቡን ከጎኗ አድርጌ፣ ሳልቸኩል ሰፋሁለት።

ከሰነበተ በኋላ የመቶ አለቃው አዲሱን ካፖርት ይዞ ከሱቄ ገባ። ደንግጬ ተነሣሁ። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አይደንግጡ ጋሼ፤ ልጁ ነግሮኛል። ማተቡን ካየሁበት ቆይቻለሁ፤ መስቀሏንም አውቄ ነው የተውኩለት። አሁን ለእኔም አንድ ይጥለፉልኝ» አለኝ።