ይርገዱ ተቀመጠች

ፊንላንድ፣ በሰሜን በኩል ካለች ትንሽ ከተማ ዳር፣ በሁዳዴ እሑድ ረፋድ ላይ፤ ይርገዱ ወፍራም ቱታዋን ለብሳ፣ ግግር በረዶ በሆነው ሐይቅ መሃል ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ በቦረቦረችው ቀዳዳ መንጠቆ ጥላለች፤ ከሄልሲንኪ ድረስ መኪና እየነዳ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ደርበው በከተማ ጫማው አጠገቧ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

ደርበው፦ ተነሺ አልኩሽ እኮ እታለም! ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምልሽ፣ ተነሺ!

ይርገዱ፦ ቀስ ብለህ ተናገር። ዓሣው ይሸሽብኛል።

ደርበው፦ ዓሣው ገደል ይግባ!

ይርገዱ፦ እሱ ምን አደረገህ? ጠብህ ከእኔ ጋር ነው።

ደርበው፦ የእግዚአብሔር ያለህ! ሰው በዚህ ብርድ የሞቀ ቤቱን ትቶ በረዶ ላይ ይቀመጣል? ጆሮዬ የለም እኮ! በእጄ ፈለግኩት፣ አጣሁት።

ይርገዱ፦ ማን ኮፍያ ሳታደርግ ና አለህ? ለነገሩ ማንስ ና አለህ?

ደርበው፦ እህቴ ጋ ለመምጣት ጥሪ ልጠብቅ ኖሯል? በይ አሁን ነገር አታርዝሚ። ሻንጣሽ መኪና ውስጥ ነው።

ይርገዱ፦ ምኔ?

ደርበው፦ ሻንጣሽ። ጋሼ ታፈሰ ሲታመም የሰጠሽኝ ቁልፍ አለኝ አይደል? ገብቼ ሁሉንም ከተትኩት። ልብስሽን፣ ነጠላሽን፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን፣ የጋሼ ታፈሰን ፎቶ። አንቺ ተነሥተሽ መግባት ብቻ ነው የቀረሽ። ከእኛ ጋር ሄልሲንኪ ትኖሪያለሽ። አለቀ።

ይርገዱ፦ የባሌን ፎቶ ከግድግዳ አወረድከው?

ደርበው፦ በፎጣ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። ምንም አይሆንም።

ይርገዱ፦ እኔ በሌለሁበት ቤቴ ገብተህ፣ መሳቢያዬን ከፍተህ፣ የውስጥ ልብሴን ሳይቀር ለቃቅመህ! አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም።

ደርበው፦ ጤና የሌለው ማን እንደሆነማ አገር አየው! ቪዲዮውን አላየሽውም እንዴ?

ይርገዱ፦ የምን ቪዲዮ?

ደርበው፦ አንዱ የሰፈርሽ ጎረምሳ ነው ከዳር ቆሞ ቀርጾ የለቀቀው። አንቺ እዚህ ነጭ ሜዳ ላይ ብቻሽን ኩርምት ብለሽ። ከሥሩ «የስደት ኑሮ» ብሎ ጽፎበት፣ ከላዩ አንጀት የሚበላ ዋሽንት ለቆበታል።

ይርገዱ፦ ዋሽንት! ይሄን ሁሉ ቀን ስቀመጥ እዚህ ሐይቅ ላይ አንድም ዋሽንት ሰምቼ አላውቅ።

ደርበው፦ ሳቂ! ወልዲያ ድረስ ደርሷል እኮ። ቤተሰቡ በሙሉ ተላቅሷል። አክስቴ ሙሉነሽማ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ «ወይኔ ልጄን!» ስትል ጎረቤት ለቅሶ መስሎት መጣ። ጠበል ልታስገባሽ ተስላለች።

ይርገዱ፦ ምን ሆነች ብላ ነው ጠበል የምታስገባኝ?

ደርበው፦ ምን አለች መሰለሽ? «ይርገዱ ተቀምጣ? ይርገዱ እንዲህ እጇን አጣጥፋ ከተቀመጠችማ ታማለች።»

ይርገዱ፦ እንዲህ አለች?

ደርበው፦ የእማዬ አጥንት ይውጋኝ! እኔም ስሰማ ደነገጥኩ። እውነቷን ነዋ! መች ተቀምጠሽ አይተን እናውቃለን? እንጀራ እንኳን ቆመሽ አይደል የምትጎርሺው?

ይርገዱ፦ እና በሽታዬን በዚህ አወቃችሁት። ተቀመጠች፣ ስለዚህ ታመመች።

ደርበው፦ ምን ማስረጃ ያስፈልገዋል! በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። በጾም ዓሣ ልትበዪ?

ይርገዱ፦ ማን በላሁ አለህ? ጾሜን እንደ ደንቡ ነው የምጾመው። ትንንሹን መልሼ እለቀዋለሁ፣ ትልቅ ከያዝኩ ለአይኖ ድመት ነው።

ደርበው፦ አይኖ ደግሞ ማናት?

ይርገዱ፦ ጎረቤቴ። ያቻት፣ ቀይ ኮፍያ አድርጋ ወዲያ ማዶ የተቀመጠችው። እጇን አነሣችልህ እኮ፣ አጸፋውን መልስ እንጂ!

ደርበው፦ ሰላም ነው እማማ፣ ሰላም ነው! ቆይ፣ አሁን እኔ ላብድ ነው። ጠዋት ሙሉ ይሄ ሁሉ ብርድ ለድመት ነው?

ይርገዱ፦ ለድመት አይደለም።

ደርበው፦ አትበዪው፣ አትሸጪው። ታዲያ ለምንድን ነው?

ይርገዱ፦ ደስ ይለኛላ!

ደርበው፦ እሱማ እሺ፣ ግን ለምንድን ነው?

ይርገዱ፦ ደስ ስለሚለኝ ነው አልኩህ! አማርኛ ጠፋህ እንዴ? ፒልኪ ይሉታል እዚህ። በረዶውን ትበሳለህ፣ መንጠቆህን ትጥላለህ፣ ከዚያ ዝም ትላለህ። በቃ፣ ሌላ የለውም።

ደርበው፦ ይሄ የነጭ ነገር ነው።

ይርገዱ፦ ብስክሌቴንም እንዲሁ ነበር ያልከው።

ደርበው፦ የምን ብስክሌት? ያንን አልተውሽውም እንዴ? በዚህ በረዶ?

ይርገዱ፦ ጎማው ጥርስ አለው፣ አያንሸራትትም። ሥራ የምሄደው በእሱ ነው። ሆስፒታል ስደርስ ጓደኞቼ ገና አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከአይኖ ጋር ሳውና እገባለሁ።

ደርበው፦ ራቁትሽን?

ይርገዱ፦ ታዲያ በነጠላ ነው እንዴ የሚገባው?

ደርበው፦ እሱንም ለአክስቴ ልንገራት? በአንድ ጠበል የሚበቃት አይመስለኝም... እናቴ ድረሽ! ምንድን ነው እሱ? ተሰነጠቀ! እታለም፣ በረዶው ተሰነጠቀ!

ይርገዱ፦ አትዝለል! በረዶው ሲጠነክር እንዲህ ይጮኻል። ጠነከረ ማለት ነው እንጂ ተሰነጠቀ ማለት አይደለም። መኪናህን ብታመጣት ይሸከማታል፣ አንተን አቅቶት ነው?

ደርበው፦ ልቤ ወረደች እኮ! እንዴት ነው ይሄን እየሰማሽ የምትቀመጪው?

ይርገዱ፦ መጀመሪያ እኔም አንተ አሁን ያልከውን ነው ያልኩት፤ እናቴ ድረሽ ብዬ ነው የጮኽኩት። አይኖ እጄን ያዘችና ተቀመጪ አለችኝ።

ደርበው፦ ቆይ እሷ ናት ይሄን ያስለመደችሽ?

ይርገዱ፦ ታፈሰ ሲሞት ታስታውሳለህ? ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። ከየከተማው የመጣው ሐበሻ፣ እግዜር ይስጠው፣ ብቻሽን አትሆኚም ብሎ አደረ። ለዚያ ሁሉ ሰው ሽሮ የሠራው ማን ነበር? ብርጭቆ ያጠበው፣ ፍራሽ ያነጠፈው ማን ነበር?

ደርበው፦ ተቀመጪ ስንልሽ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።

ይርገዱ፦ ተቀመጪ ትሉና ጨው የት ነው ትሉኛላችሁ! በኋላ ሁላችሁም ሄዳችሁ። አንድ ቀን አይኖ በሬን አንኳኳች። ይሄን ቱታና ጫማ ደጃፌ ላይ አስቀመጠችና ቆመች። እዚህ አምጥታ ሣጥን ላይ አስቀመጠችኝ። አለቀስኩ ደርቤ። ባሌ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት እዚህ ነው። ማንም በቃሽ አላለኝም። ማንም ሊያባብለኝ መጥቶ መልሼ እኔው እንዳባብለው አላደረገኝም። እንባዬ ጉንጬ ላይ በረዶ ሲሆን በጥፍሬ አራግፌ ጣልኩት። ከዚያ አንድ የጣቴን የምታክል ዓሣ ተያዘችልኝና ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከት ብዬ ሳቅኩ!

ደርበው፦ ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።

ይርገዱ፦ ስትደውል የምትጠይቀኝ «በላሽ ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው» ነዋ። በላሁ፣ ብርዱ ደህና ነው እልሃለሁ።

ደርበው፦ እሺ፣ ገባኝ። ግን ሄልሲንኪም ባሕር አለ። እዚያም መቀመጥ ትችያለሽ። ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል አዘጋጅተንልሻል እኮ። መጋረጃውን ትርሲት ራሷ ናት የመረጠችው።

ይርገዱ፦ ፀሐይ የሚገባበት? እሱ የመንታ ልጆቻችሁ ክፍል አይደል?

ደርበው፦ እ... አዎ። ሰፊ ነው።

ይርገዱ፦ አልጋዬ የት ጋ ነው የተዘረጋው?

ደርበው፦ አልጋሽማ መሃል ላይ ነው።

ይርገዱ፦ የምን መሃል?

ደርበው፦ ምላሴን ብርድ ያዘው እታለም። መኪና ውስጥ እንነጋገር።

ይርገዱ፦ የምን መሃል ነው ያልኩህ ደርበው!

ደርበው፦ በሁለቱ የሕፃን አልጋ መሃል።

ይርገዱ፦ እንዲህ በለኛ!

ደርበው፦ እንዳትቆጪ! ትርሲት ሥራዋ ልትመለስ ነው። የሕፃናት ማቆያ ወረፋ አልደረሰንም። እኔ ቀንም ማታም ታክሲ ላይ ነኝ። ግን ለእሱ ብቻ ብለን አይደለም፣ ስለ አንቺም ተጨንቀናል። ሁለቱም እውነት ነው።

ይርገዱ፦ የቱ ቀደመ?

ደርበው፦ ምኑ?

ይርገዱ፦ ዋሽንቱ ነው ወይስ የሕፃናት ማቆያው?

ደርበው፦ እታለም...

ይርገዱ፦ መልስልኝ!

ደርበው፦ ማቆያው።

ይርገዱ፦ ጎሽ። ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላ ነበር፣ ዛሬ ብርዱ ሸፈነልህ። ስማኝ። እማዬ ስትሞት አንተ ጥርስ አላወጣህም። አንተን አዝዬ ነው ትምህርቴን የተውኩት። ይቆጨኛል? አይቆጨኝም! አንተ ስታድግ የአክስቴ ልጆች ደረሱ። አገባሁ፣ እዚህ መጣሁ፣ የሆስፒታል አንሶላ ማጠፍ ያዝኩ። ታፈሰ ታመመ፣ እስከ መጨረሻው አስታመምኩት። መንታዎቹ ሲወለዱ የዓመት ፈቃዴን ሙሉ እናንተ ቤት ዳይፐር ስቀይር ከረምኩ። ይሄን ሁሉ ስሆን አንዳችሁም ታመመች አላላችሁም። ስቆም ጤነኛ፣ ስቀመጥ በሽተኛ! እንዲህ ዓይነት ሕክምና የት ነው የተማራችሁት?

ደርበው፦ ልጆቼን ጠላሻቸው ማለት ነው?

ይርገዱ፦ አፍህን ያዝ! እንደ ዓይኔ ነው የምወዳቸው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ግን እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣው። ሶፋው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ልጆቹን ጭኔ ላይ ታስቀምጡልኛላችሁ፣ ሲያለቅሱ ትወስዱልኛላችሁ። አንተ ደግሞ ሻይ ታፈላልኛለህ።

ደርበው፦ ይሄን ሁሉ መንገድ ነድቼ ይሄ ነው መልስሽ?

ይርገዱ፦ ይሄ ነው።

ደርበው፦ ጥሩ! እኔም ሄድኩ! ከዚህ በኋላ እዚህ ደርቀሽ ብትቀሪ እንዳትጠሪኝ!

ይርገዱ፦ መልካም መንገድ።

ደርበው፦ እታለም።

ይርገዱ፦ ወይ።

ደርበው፦ አልሄድኩም።

ይርገዱ፦ እያየሁህ ነው።

ደርበው፦ እግሬ እምቢ አለ። ስመጣ ንዴት ነበር የነዳኝ፣ ከሥሬ ውኃ መኖሩን አላሰብኩትም። አሁን ትዝ አለኝ። ተነሺና እጄን ይዘሽ ዳር አድርሺኝ።

ይርገዱ፦ አልነሣም።

ደርበው፦ ጨካኝ! ብወድቅስ?

ይርገዱ፦ ወድቀህ ትነሣለህ፣ መራመድ ሳስተምርህ ስንቴ ወድቀህ የለ። እግርህን እየጎተትክ ሂድ፣ አታንሣው። እንደ መጥረጊያ ጎትተው... ስልክህ እየጮኸ ነው።

ደርበው፦ ትርሲት ናት። ሃሎ፣ ትርሲ... አዎ፣ አግኝቻታለሁ... የለም፣ ገና ሐይቁ ላይ ነን... እሷማ ተቀምጣለች።

ይርገዱ፦ ሰላም በልልኝ!

ደርበው፦ ሰላም ትልሻለች... ኧረ አልታመመችም! ተቀምጣለች ነው ያልኩሽ። ሰው አይቀመጥም እንዴ? አንቺ ከሥራ ስትገቢ አትቀመጪም?... ምን ታደርጋለች ነው የምትዪኝ? ምንም አታደርግም... ደስ ስለሚላት ነዋ!

ይርገዱ፦ እሰይ የእኔ ልጅ!

ደርበው፦ ዝም በይ አንቺ፣ አትሰማኝም... ሻንጣውን አዘጋጅቼው ነበር፣ አዎ... አይ፣ ትርሲ። አትመጣም... ጠይቄያታለሁ፣ እምቢ ስላለች ብቻ አይደለም፣ እኔም ተነሺ ማለት አቃተኝ። በሕይወቴ ተቀምጣ ያየኋት ዛሬ ነው እኮ... የማታውን ታክሲ እኔ እተዋለሁ። ወረፋው እስኪደርሰን እኔ እይዛቸዋለሁ... ሃሎ? ሃሎ?

ይርገዱ፦ ምን አለች?

ደርበው፦ ዘጋችብኝ።

ይርገዱ፦ ተዋት፣ ይበርድላታል።

ደርበው፦ ለእሷ እስኪበርድላት እኔ እዚህ ደረቅኩ! እግሬን ከጉልበቴ በታች አላውቀውም። ዳር ለመድረስ ጉልበት እንዳገኝ፣ በናትሽ እስቲ ለትንሽ ተነሺልኝና ሣጥኑ ላይ ልረፍ።

ይርገዱ፦ ቀስ እያልክ ሂድና ሻንጣዬን ቤቴ መልስ። የታፈሰን ፎቶ ከነበረበት ምስማር ላይ ስቀልልኝ። ከሻንጣው ወፍራሙን ካልሲዬን አውጥተህ አድርግና፣ ወጥ ቤት ያለችውን በርጩማ ይዘህ ና። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ አልነሣልህም።